የማር ስም ለልጅ ማውጣት፦ ለድሬና ለሐረር ወላጆች

እህቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለች አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ግማሽ ኪሎ ማር በላስቲክ አንጠልጥላ መጣች። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አድርጋ፣ ላቧን ጠርጋ፣ «ሴት ከሆነች የማር ስም ነው የምሰጣት። አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፣ ፈልግልኝ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሌላ ከተማ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ይሄ ግን ድሬ ነው። የእህቴ ባል ቤተሰቦች ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። በግራ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች፣ በቀኝ ያሉት ከሐረር የመጡ ሐረሪዎች ናቸው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ድሬ ላይ መልአኩ ቢያንስ አራት ቋንቋ መስማት አለበት።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም «አንተ የስሙ ሰውዬ» እያለ ሲመጣብኝ፣ እኛ የሄድንበትን መንገድ በተራ ልጻፈው አልኩ።

1. የትኛውን ማር እንደፈለጋችሁ ለዩ

የማር ስም ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። ራሱ ማሩ አለ። እንጀራው አለ። ንቧ አለች። ጣዕሙ ብቻ የተወሰደበትም አለ። ይሄን ሳትለዩ ፍለጋ ከጀመራችሁ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። እህቴ ንብን ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው የጣለችው። «ትናደፋለች» አለች። እኔ ደግሞ ንብ ሠራተኛ ናት ብዬ ተከራከርኩ። ተሸነፍኩ።

ካልተስማማችሁ ገበያ ውጡ። እኛ ቀፊራ ሄደን የማር ሻጯ አጠገብ ቆምን። ሴትየዋ የማሩን እንጀራ በእጇ ቆርሳ ወንፊት ላይ አስቀመጠችና በማንኪያ ጀርባ ጫን አደረገችው። ሰፈፉ ከላይ ቀረ። ከታች ጥርት ያለ፣ ወርቅ የመሰለ ፈሳሽ እንደ ክር ቀጠነና ሳይበጠስ ሳህኑ ላይ ተጠቀለለ። እህቴ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። «ይሄ ምን ይባላል?» አለች፣ ታውቀዋለች እኮ። ሴትየዋም «ወለላ» አለቻት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

2. ከቤታችሁ ጀምሩ

ሰው የማር ስም ሲፈልግ ቶሎ ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ ዝርዝር ይከፍታል። እኔም እንደዚያው ነበር ያደረግኩት። ግን አማርኛ ራሱ ሞልቶታል።

ወለላ እንዳየነው ከእንጀራው ጠርቶ የወረደው ማር ነው፤ የሴት ስም ሆኖ ኖሯል። ማርነሽ አለ። ማሪቱ አለ። ማርሸት ደግሞ ሲነበብ አንድ ቃል ይመስላል እንጂ «ማር እሸት» ነው፤ ገና የተቆረጠ፣ ትኩስ ማር። እኔ በጣም የምወደው ስም ነው፤ እህቴ «ያረጀ ነው» ብላ አለፈችው። ጠጂቱም የማር ዘመድ ናት፣ በጠጁ በኩል። ጠጅ የማይገባበት ቤት ግን ይህ ስም ምቾት አይሰጥም፤ በብርዝ ስም የተሰየመ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም።

በግዕዝም በትግርኛም ማር «መዓር» ነው። የትግርኛ ተናጋሪ እናት ልጇን «መዓረይ» ብላ ስትጠራ ሰምታችሁ ከሆነ «የኔ ማር» ማለቷ ነው።

ለወንድ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምርጫው ጠባብ ነው። ማሩ አለ። ግን ማሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ያው ማሩ ነው፣ ሌላው «ይቅር በሉ» ነው። የትኛው እንደሆነ ያወጡት ወላጆች ብቻ ያውቃሉ። ሌላው ትልቁ ላሊበላ ነው። በትውፊት ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ስትል ስሙን አወጣች ይባላል። «ላል ማለት ማር ነው» የሚሉም አሉ። ስሙ ግን ከባድ ነው። ክፍል ውስጥ ላሊበላ ተብሎ ሲጠራ ልጁ ምን እንደሚሰማው አስቡ።

3. ማር የሚመስሉትን አውጡ

ይህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። «ማር» ብሎ የሚጀምር ስም ሁሉ ማር አይደለም።

ማርታ ማር አይደለችም። ቃሉ የአራማይክ ነው፣ «እመቤት» ማለት ነው። የወንዱ መልክ «ማር» ነው፣ ጌታ ማለት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ማር ይስሐቅ» ሲባል የምትሰሙት «ማር» ይኸው ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ይስሐቅ የተባለው ሰው ማር የሚወድ ይመስለኝ ነበር። ማርቆስም ከሮማውያን የጦርነት አምላክ ከማርስ ጋር ነው የሚዛመደው። ማረኝ ከምሕረት ወገን ነው። ማዕረግ ክብር ነው፣ ከትግርኛው መዓር ጋር የሚያመሳስለው ፊደሉ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋችው ማራ ናት። በቅርብ ዓመታት «ማራ» የሚለውን አጭርና ዘመናዊ ብለው የሚያወጡ አሉ። በዕብራይስጥ «መራራ» ማለት ነው! መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 1 ላይ ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ ትላለች። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሊጠጡት ያልቻሉት ውኃም ስሙ ማራ ነው። ማር ፈልጋችሁ ሬት እንዳትሰጡ።

ከግሪክ የመጡት ላይም ተጠንቀቁ። ሜሊሳ ትክክለኛዋ የማር ቤተሰብ ናት፤ በግሪክኛ ማር «ሜሊ» ነው፣ ሜሊሳ ደግሞ ንብ። ሜላኒ ግን ሌላ ሥር አላት፣ «ጥቁር» ማለት ነው። ጥቁር መሆን ምንም ነውር የለበትም። ግን ማር ነው ብላችሁ ለዘመድ ካወራችሁ በኋላ አንዱ የተማረ የአጎት ልጅ ተነስቶ ያርማችኋል።

4. ሐዲዱ ያመጣቸውን ቃኙ

እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። ከባቡሩ ጋር ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ የመኖች መጡ። በከዚራ ሰፈር በቆዩት ቤቶች አጠገብ ስታልፉ እነዚህ ቋንቋዎች በሙሉ አንድ ጊዜ እዚያው ጎዳና ላይ ይነገሩ ነበር ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችሁ በፊት የድሮ ጎረቤቶቻችንን ጠይቁ።

ከግሪኮቹ ሜሊሳን አይተናል። ንቦች የሚወዱት፣ የሎሚ ሽታ ያለው ቅጠልም ስሙ ይኸው ነው። ሜሊናንም ከ«ሜሊ» የሚያወጡ አሉ።

ከአርመኖቹ ሜግራኑሽ። «ሜግር» ማር ነው፣ «አኑሽ» ጣፋጭ። ሙሉው ለድሬ አፍ ይከብዳል። አኑሽ ለብቻው ግን ራሱን የቻለ ስም ነው፤ አጭርና ለመጥራት ቀላል ነው።

ከሕንዶቹ ማዱ። በሳንስክሪት ማር ነው፣ በሕንድ ለወንድም ለሴትም ይወጣል። ማዱሪ ከዚያው ነው፣ ጣፋጭነት። የሕንድ ፊልም ያየ የቆየ የድሬ ሰው ማዱባላን ያውቃታል። የተወለደችበት ስም ሙምታዝ ነበር፤ ማዱባላ የፊልም ስሟ ነው፣ «የማር ልጅ» እንደማለት። ማዱሪ ዲክሲትን ደግሞ ከእናቶቻችሁ ጠይቁ፣ ዳንሱን ጭምር ያሳዩአችኋል።

ከአረብኛው ብዙ ይገኛል፣ ወጥመዱም እዚያው ነው። «ዐሰል» ማር ነው፤ በፋርሶች ዘንድ የሴት ስም ነው። ስዋሂሊዎች «አሳሊ» አድርገውታል። የሚገርመው ጅቡቲ ያለው፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው የጨው ሐይቅ ስሙ አሳል ነው። ጨው ሆኖ ማር ተባለ ብለን ስንት ጊዜ ስቀናል።

ሸህድ ደግሞ ገና እንጀራው ውስጥ ያለ ማር ነው፣ በአረብ አገር የተወደደ የሴት ስም። ግን አናባቢዋን ያዟት። ሸህድ ማር ነው። ሸሂድ ሰማዕት ነው። ሻሂድ ምስክር ነው። አንድ ጸሐፊ እጁ ቢስት ልጅቷ በወረቀት ላይ ሰማዕት ሆና ትቀራለች።

ነሕላም እንዲሁ ናት። አረብኛ «ሐ»ን እና «ሀ»ን ይለያል። በ«ሐ» ሲሆን ንብ ነው። በ«ሀ» ሲሆን ጥም የሚቆርጥ ጉንጭ ውኃ ነው። እኛ አማርኛ ስናወራ ሁለቱን አንለያቸውም። የቀኝ ጎረቤታችን ሐጂያ ግን ከጉሮሮዋ አውጥታ ነው የምትለው፣ ወዲያው ይታወቃታል። ንቧን ከፈለጋችሁ ቁርኣን ውስጥ 16ኛው ምዕራፍ በስሟ ተሰይሟል። ቁጥር 68 እና 69 ላይ ከሆዷ የሚወጣው መጠጥ ለሰዎች መድኃኒት እንዳለበት ይናገራል። ስሙን ለዘመድ ስታስተዋውቁ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

በክርስቲያኑ ወገን የዚህ አቻ ዲቦራ ናት። በዕብራይስጥ ንብ ማለት ነው። መጽሐፈ መሳፍንት 4 እና 5ን አንብቡ፤ ከዘንባባ በታች ተቀምጣ ትፈርድ የነበረች ነቢይት ናት፣ ባርቅን ለጦርነት የላከችው እሷ ናት። እህቴ ይህን ስነግራት ንብን ስለመጣሏ ትንሽ ተጸጸተች።

ከሐዲዱ ውጪ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። ቱርኮች ማርን «ባል» ይሉታል፣ ባሊም «የኔ ማር» ነው። ጴቴክ የማር እንጀራ ነው፣ የሴት ስም። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ማር «ኦይን» ነው፤ ኦይንዳሞላ ማር ከሀብት ጋር ተቀላቀለ እንደማለት ነው። እነሱ ስም ሲያወጡ ማር እያስቀመሱ ይመርቃሉ። ፓሜላ የ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ባለቅኔ ፊሊፕ ሲድኒ ፈጠራ ናት፤ «ሁሉ ማር» ማለት ነው የሚሉት ከግሪክኛው ገምተው ነው።

5. በረንዳ ላይ ቆማችሁ ጥሩት

ወረቀት ላይ ያማረ ስም ሰፈር ውስጥ ሲጠራ ሌላ ነገር ይሆናል። ሦስት አራት ስም ስትመርጡ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ጎረቤቶቻችሁም ይስሙት፣ በየቋንቋቸው ምን እንደሚል ይንገሯችሁ። የሐረር ሰዎች ደግሞ ጌይ ሲናን የሚናገሩ እናቶችን ሳትጠይቁ አታጽድቁ።

እኛ ያገኘነው ይኸውና። የእህቴ አማት በኦሮምኛ ማር «ደማ» ነው፣ ደሚቱ በሏት አሉ። ቆንጆ ነው። ግን «ደማ» ስትሉ አማርኛ ተናጋሪው የሚሰማው የሚፈስ ደም ነው። ደሚቱ ሲሆን ይሻላል፣ መጨረሻው ይለውጠዋል። ደሜ ካላችሁ ደግሞ ማጥበቅ አለባችሁ። ካላጠበቃችሁ በኦሮምኛ «ቅርንጫፍ» ነው። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ማጥበቅን በተለምዶ ስለማናሳይ ይህ አይታይም፣ የሚታወቀው አፍ ላይ ነው።

የግራ ጎረቤታችን ሶማሌዋ እናት ደግሞ «ማላብ» አለች። በሶማሊኛ ማር ነው። አቦ፣ በሚያዝያ የድሬ ሙቀት ልጅን «ማላብ» ብሎ መጥራት! አማርኛ ጆሮ የሚሰማው ማላቡን ነው። እሷም ሲገባት በሳቅ ፈረሰች።

የቱርኮቹ ባልም እዚህ ወደቀ። ትንሽ ልጅ «ባል» ብሎ የሚጠራ የለም። ባሊም ቢሆን ጎረቤት «የማን ባል?» ማለቱ አይቀርም።

6. ከአባት ስም ጋር አንድ ላይ አንብቡ

እኛ አገር ስም ብቻውን አይሄድም፣ አባት ይከተለዋል። አባትየው ይገዙ ከሆነ «ማሬ ይገዙ» የገበያ ጥሪ ይሆናል። ተፈራ ከሆነ «ወለላ ተፈራ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው ወይ የሚለውን እናንተ ፍረዱ። ሁለቱን ስም አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ በሉት። ካልሳቃችሁ አልፏል።

7. ስሙን ስጡ፣ ማሩን አቆዩ

ክርስቲያኖች ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ሲያስነሱ የክርስትና ስም ይጨመራል፤ የማሩ ስም የቤት ስም ሆኖ ይቀጥላል፣ ግጭት የለም። ሙስሊሞች በሰባተኛው ቀን ስም ማውጣት የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የማር ስም ነው ተብሎ አያት ጣቷን ማር ነክራ ሕፃኑ አፍ ውስጥ እንዳትከት። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር መቅመስ የለበትም፣ በትንሹም። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው አይጎዳውም። የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ እዚያ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ልጁ ሆዱ ይደርቅበታል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ ሰውነቱ ይዝላል። ማፍላት አይረዳም፤ ዘሩ የቤት እሳት አይበግረውም። ለተሕኒክም (ሙስሊሞች ለአራስ ልጅ ጣፋጭ ለሚያስቀምሱበት ልማድ) ቢሆን ተምር ድሬ ውስጥ ሞልቷል፣ ማር አያስፈልግም። እኛ ቤት ይህን ለአያቶቹ ማስረዳት ስሙን ከመምረጥ በላይ ነው የከበደው።

8. ፊደሉን ራሳችሁ ጻፉላቸው

ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው። ስትሄዱ ስሙን በቃል አትናገሩ። በወረቀት ላይ በግዕዝም በላቲንም ጽፋችሁ ስጡ፣ የተጻፈውን ደግሞ ሳትፈርሙ አንብቡ። እኛ በቃል ተናገርን። አንድ መሥሪያ ቤት «ወላላ» ብሎ ጻፈልን። እህቴ ቤት ደርሳ ነው ያየችው። ለማስተካከል ሁለት ቀን ተመላለስኩ፣ በዚያ ፀሐይ።

ላቲኑ ላይ ደግሞ ከ«ደብሊው» ቀጥሎ «ኢ» ይሁን «ኦ» ዛሬውኑ ወስኑ። የልደት ወረቀቱ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ከሆነ ልጅቷ 18 ዓመት ሲሞላት ሦስት ሰው ትሆናለች። ደሚቱን ወይም ደሜን የመረጣችሁ በቁቤ ስትጽፉ «ኤም»ን ሁለት ጊዜ ጻፉ። አለበለዚያ ማሯ ቅርንጫፍ ሆና ትመዘገባለች።

እንደገመታችሁት የእህቴ ልጅ ወለላ ናት። አማቷ ግን ዛሬም ደሚቱ ነው የሚሏት፣ በግራ ያለችው እናት ደግሞ ስትስቅ ማላብ ትላታለች፣ ለሁሉም ትዞራለች። አሁን አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀፊራ ይዣት ሄድኩ። የማር ሻጯ ወንፊቷን ዘርግታ «ወለላ! ወለላ!» እያለች ገዢ ስትጣራ፣ እጄን ለቅቃ «አቤት!» አለች።